«ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» ያለው ማነው?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ዘርና ማዳበሪያ፣ ስለ በቆሎ ተምች፣ ስለ እንሰት አጠውልግ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ መድኃኒት ነው። «አንተ የግብርና ሰው ነህ፣ መድኃኒት ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ቅጠሉ የሚበቅለው በእኛ ማሳ ነው፤ መርፌው የሚወጋው በእኛ በሬ ላይ ነው፤ ወተቱን የሚጠጣው የገበሬ ልጅ ነው። ታዲያ እኔን ካላገባኝ ማንን ያገባዋል?

በዲምቱ በገበያ ቀን ዞር ዞር ስትሉ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አታጡም። ሸራ ዘርግቶ ቡናማና አረንጓዴ ዱቄት በሃይላንድ ጠርሙስ ደርድሯል። አንዱን ዱቄት ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለኪንታሮት፣ ለወገብ ሕመም ይሸጠዋል። «ንጹህ ቅጠል ነው፣ ኬሚካል የለውም፣ አይጎዳም» ይላል። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ ሰው ከሸቀጡ መሃል የገንዲ መድኃኒት በፌስታል ቋጥሮ ያወጣል። «ይሄን በጥብጠህ ውጋው፣ ይድናል» ይላል።

ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር የሚሸጡ ይመስላሉ፤ አንዱ የባህል፣ አንዱ የዘመናዊ። የሁለቱም ንግድ የቆመው ግን በአንድ ውሸት ላይ ነው። ውሸቱ «መድኃኒት ማለት ዕቃው ነው፣ ዕቃውን ካገኘህ በቃ» የሚል ነው። መጠኑ ምንም አይደለም፣ በምን መንገድ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ምንም አይደለም፣ የሚወስደው ነፍሰ ጡር ይሁን ሕፃን፣ ላም ትሁን ጥጃ ምንም አይደለም ይሉናል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። መጠኑና መንገዱ ከሌለ በእጃችን ያለው መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ዕጣ መጣል ይሆናል።

ተክል መርዝ እንዳለው እኮ እናንተ ታውቃላችሁ

«ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለውን ነገር የከተማ ሰው ቢያምነው አይገርመኝም። የወላይታ ገበሬ ማመኑ ግን ይገርመኛል። ካሳቫ የምናበቅለው እኛ አይደለንም እንዴ? መራራውን ካሳቫ ከመሬት ነቅሎ እንደወጣ የሚበላ ማነው? ልጠን፣ ከትፈን፣ በውኃ ዘፍዝፈን፣ በፀሐይ አድርቀን ነው የምንፈጨው። ለምን? በውስጡ ሲያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር ስላለ ነው። መርዙን ፋብሪካ አልጨመረበትም፤ ተክሉ ራሱን ከአውሬና ከተባይ ለመከላከል ነው የሠራው።

ወደ ሰሜን ብትሄዱ ደግሞ ጓያ አለ። ድርቅን የሚችል ጥሩ ጥራጥሬ ነው፤ በጎንደርና በጎጃም ሌላው እህል ሲጠፋ ያተርፋል። ነገር ግን በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲደረግ የሰው እግር ያሽመደምዳል። ሽባ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ጓያም ተክል ነው፣ ንጹህ ተፈጥሮ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ለግብርና ሰዎች ይበልጥ ይከብዳል። ከ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንዳንድ መንደሮች ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተበላሸ መሞት ጀመሩ። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በኋላ የሀገራችንና የውጭ ተመራማሪዎች እህሉን መረመሩ። አጌራተም የሚባል አረም ከእህሉ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ፣ አብሮ ተፈጭቶ ይበላ ነበር። በአረሙ ውስጥ ያለው መርዝ በአንድ ቀን አይገድልም፤ ጥቂት በጥቂት ነው ጉበት የሚጨርሰው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ዛሬ የጠጣችሁት ዱቄት ዛሬ ስላላስታወካችሁ «አልጎዳኝም» ማለት አትችሉም።

ኮሶ፦ የራሳችን መድኃኒት፣ የራሳችን ትምህርት

ወላይታ ላይ ስለ ጥሬ ሥጋ ክፉ የሚናገር ሰው ወዳጅ አያገኝም፣ እኔም አልሞክረውም። ግን ጥሬ ሥጋ ባለበት የኮሶ ትል አለ። ዑደቱን ታውቁታላችሁ። ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል፣ ከብቱ ያን ሣር ይግጣል፣ እንቁላሉ በሥጋው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፣ እኛ በዳጣ አጥቅሰን እንበላዋለን።

አባቶቻችን ለዚህ ትል የኮሶን ዛፍ አገኙለት። የሴቴዋን ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው በባዶ ሆድ ጠጡት። ይሠራል! አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ ወስደው በመድኃኒት መዝገባቸው ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ «የባህል መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል፤ ከእሱም ጋር ነው ጠቤ።

ነገር ግን ኮሶ የሚሠራው ለትሉ መርዝ ስለሆነ ነው። ለትል መርዝ የሆነ ነገር ለሰውም የሚከብድበት መጠን አለው። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ መዝለፍለፍ የኮሶ ጠጪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከዚያም የከፋ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሀገራችን የሠሩ ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው ጠጥተው የዓይን ነርቫቸው የተጎዳ ሰዎችን መዝግበው ጽፈዋል። ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። «አንድ እፍኝ» የማን እፍኝ ነው? ትኩሱ አበባ ነው ወይስ ጎተራ የከረመው? ዘንድሮ የተለቀመው ካምናው እኩል ኃይል አለው? ማንም አልለካውም።

አሁን ከዚህ ጋር ኒክሎሳማይድ የሚባለውን የኮሶ ኪኒን አስተያዩት። ይህ ኪኒን ሲዋጥ አንጀት ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ትሉ ያለው የት ነው? አንጀት ውስጥ። መድኃኒቱም እዚያው ትሉን ያገኘዋል፣ የሰውየውን ዓይንና ጉበት ግን ብዙም አይነካም። ተመራማሪዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚለፉት ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱን ወደሚፈለግበት ቦታ ማድረስ፣ ከማይፈለግበት ማራቅ። እኛ ማዳበሪያውን ከዘሩ ጎን እንጂ ዘሩ ላይ አታፍስሱ እንደምንለው ማለት ነው። ዩሪያው ያው ዩሪያ ነው፣ ቦታው ከተሳሳተ ግን ቡቃያውን ያቃጥለዋል።

እንዶድ፦ ቀንድ አውጣ የገደለ ሁሉ አይጠጣም

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ልብስ ማጠቢያ የነበረው ተክል ለበሽታ መከላከያ ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. በዓለም የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ የምርምሩ መነሻ የእናቶች እውቀት ነውና። ግን ሰዎች ከታሪኩ የተሳሳተውን ግማሽ ሲወስዱ አያለሁ። «እንዶድ እኮ ተመራምረውበት መድኃኒት ነው ተብሏል» ይሉና ጽንስ ለማስወረድ፣ ውሻ ለነከሰው ሰው ይጠጣል ይላሉ። ወገኖቼ! የተረጋገጠው ውኃ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ነው። ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው አረፋው በሰው ሆድ ውስጥም ሥራውን ይሠራል፤ አንጀት ያቆስላል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ያበደ ውሻ ለነከሰው ሰው ደግሞ ያለው መዳኛ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብና ምልክት ሳይታይ ክትባቱን መጀመር ነው። እንዶድ ጠጥቶ የሚጠብቅ ሰው የሚያባክነው ያቺን ውድ ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

የወባው ቅጠል

ከቢላቴ ወንዝ አካባቢ ላለን የቆላ ሰዎች ወባ ተረት አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። በዚህ መሃል «የወባው ኪኒን የሚሠራው እኮ ከቅጠል ነው፤ ቅጠሉን አፍልተህ ብትጠጣ ያው ነው» የሚል ወሬ ይናፈሳል።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። አርቴሚሲኒን የሚባለው መድኃኒት የተገኘው ቻይናውያን ለብዙ ዘመን ከተጠቀሙበት የአርቴሚሲያ ተክል ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ሳይንቲስት በዚህ ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አሁን ሁለተኛውን ግማሽ ስሙ። እሳቸው መጀመሪያ ተክሉን ሲሞክሩት አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ አይሠራም። ጥንታዊ የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያነቡ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ አዩ፤ አይፈላም! ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው እንደሆነ ገባቸው። በ1971 እ.ኤ.አ. በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ሲያወጡት ነው ውጤቱ የተስተካከለው። አርቴሚሲኒን ራሱ በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። እንግዲህ ቅጠሉን አፍልቶ በሲኒ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል መድኃኒት እንደጠጣ ማን ያውቃል?

ሌላም አለ። አርቴሚሲኒን ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ይጠፋል። ጥገኛውን ፈጥኖ ይመታዋል፣ ግን አይቆይም፤ የተረፈው መልሶ ይራባል። ስለዚህ ነው ኮአርተም ሁለት መድኃኒት ያለበት። አንዱ አርቴሜተር ፈጥኖ ይመታል፣ ሌላው ሉሜፋንትሪን ቀስ ብሎ ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይለቅማል። በ3 ቀን 6 ጊዜ የሚወሰደው፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ሀገራችን ይህን መድኃኒት በ2004 እ.ኤ.አ. ስትቀበል ከዚያ በፊት የነበረውን ጥገኛው ለምዶት ስለነበር ነው። አሁን ደግሞ የአርቴሚሲኒንን ኃይል የሚያዳክም ለውጥ ያለው የወባ ጥገኛ በኢትዮጵያ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በግማሽ መጠን ጥገኛውን መነካካት ማለት ማለማመድ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ አትጠቀሙ የሚለው ቅጠል ንቆ አይደለም። ይህን መድኃኒት ካጣን ተተኪው ቶሎ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ቀን ላይ ትኩሳቱ ሲበርድ የቀረውን ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ኮት ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ሻይ ከሚጠጣው ሰው አይሻልም። ያው ነው።

ሃለኮ ጠላቴ አይደለም

ሃለኮን፣ ሽፈራው የምትሉትን፣ ትከሉ እያልኩ በየጓሮው የምዞር ሰው ነኝ። በወላይታ፣ በጋሞ፣ በኮንሶ ቅጠሉ ጎመን ነው፣ ምግብ ነው። ቀቅላችሁ ብሉ፣ ልጆቻችሁንም አብሉ።

የምቃወመው ሃለኮን ከድስት አውጥቶ የስኳር መድኃኒት ያደረገውን ነጋዴ ነው። ቅጠሉ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ የደም ስኳርና የደም ግፊት እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ነጋዴው ይህን ሰምቶ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ግን አይጠይቅም። በእርግጥ ስኳር የሚቀንስ ከሆነ፣ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላዩ ላይ ዱቄቱን በማንኪያ ሲጨምርበትስ? ስኳሩ ከልክ በላይ ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘባርቃል፣ ራሱን ይስታል። የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑን ትቶ ዱቄቱን የያዘው ሰው ኩላሊቱና ዓይኑ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከሁለት አንዱ ነው። «አይጎዳም» የሚለው ቃል በየትኛው በኩል ይገባል?

ስለ ጤና አዳምም እንዲሁ። በቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ቅንጣት ሌላ ነገር ነች። ጨምቆ በኩባያ መጠጣት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ማሕፀን ያነሳሳል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው እንኳ ያቆስላል።

«ቶሎ አሻለኝ» ለሚሉ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ ሀገር «ንጹህ ቅጠል» ተብለው የተሸጡ ዱቄቶች ሲመረመሩ ዘመናዊ መድኃኒት ተደብቆ ተገኝቶባቸዋል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ በሚሸጠው ውስጥ ዴክሳሜታዞን ይገኛል። እውነት ነው፣ ሕመሙ ይጠፋል፣ ምግብ ይከፈታል፣ ፊት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ስኳር ይነሳል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሰውነት በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ስምና አድራሻ የሌለው ዱቄት በአንድ ቀን ተአምር ከሠራላችሁ አትደሰቱ፣ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ከብቶቻችን

ስለ ሰው የተናገርኩት ሁሉ በበረት ውስጥ እጥፍ ነው፤ ከብት «አመመኝ» ብሎ አይናገርም።

የገንዲን መድኃኒት እንውሰድ። ዲሚናዚን የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ የከብት ክብደት 3.5 ሚሊ ግራም ተሰልቶ፣ በጡንቻ ውስጥ በመርፌ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 1,050 ሚሊ ግራም ይፈልጋል ማለት ነው። ገበያ ላይ የሚሆነው ምንድነው? አንድ የ300 ኪሎ ፓኬት ተገዝቶ ለሦስት በሬ ይካፈላል። እያንዳንዱ በሬ 350 ሚሊ ግራም አገኘ፤ የሚገባውን ሲሶ። ገበሬው «ሦስት በሬ በአንድ ፓኬት አዳንኩ» ይላል። ጥገኛው ደግሞ «ተማርኩ» ይላል። ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል፣ የሚራባው የተረፈው ነው።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በጊቤ ሸለቆ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲሚናዚንንም አይሶሜታሚዲየምንም የለመደ የገንዲ ጥገኛ አግኝተዋል። ሁለቱም መድኃኒቶች ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ተተኪ አልመጣም። መንግሥት የገንዲን ዝንብ ከደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለማጥፋት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ደክሟል፤ ቃሊቲ ላይ መካን ወንድ ዝንብ የሚያራባ ማዕከል ሁሉ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ ድካም እያለ እኛ በፌስታል ቋጠሮ ጥገኛውን እናሠለጥንለታለን።

ስለ መንገዱም ልናገር። ዲሚናዚን በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ በጥብጦ በአፍ ማጠጣት ገንዘብ መድፋት ነው። በኩሬ ውኃ የተበጠበጠ ደግሞ መግል ያመጣል። የቅጠል ጭማቂ በአፍንጫ የምታጠጡ አባቶችም አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። አፍንጫ ወደ ሆድ ብቻ አይወስድም፤ ወደ ሳንባም ይወስዳል። ቅጠሉ ጥሩ ይሁን መጥፎ ምንም ለውጥ የለውም፣ ሳንባ ከገባ ከብቱ በሳንባ ምች ይሞታል። ከዚያ «ቡዳ በላው» ይባላል።

ለመዥገር ብላችሁ የሰብል ፀረ ተባይ ከብት ላይ የምትረጩም አላችሁ። ማላታይን ለሰብልና ለጎተራ በተሠራው መጠን ለላም ቆዳ አልተሠራም። በቆዳ ይገባል፤ ላሟ ትልሰዋለች፣ ጥጃዋ ጡቷን ይዞ ይጠባዋል።

ወተቱስ? ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም መድኃኒቱን በወተቷ ታወጣለች። ወተቱ አልረጋ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው አልልም፣ ግን እርጎ የሚያረጉትን ጥቃቅን ሕይወቶች መድኃኒቱ ሲገድላቸው ወተት አይረጋም። ያን ወተት ነው ለልጅ የምንሰጠው። በጠርሙሱ ላይ ለወተት ይህን ያህል ቀን፣ ለሥጋ ይህን ያህል ቀን ጠብቁ ተብሎ ይጻፋል። በፌስታል የተቋጠረ መድኃኒት ግን ጽሑፍ የለውም።

«አያቶቻችን በዚህ ኖረዋል»

ቀበሌ ስዞር የሚሰጠኝ መልስ ይህ ነው። መልሱን አከብራለሁ፣ ግን አልቀበለውም። የኖሩት አያቶች ናቸው የሚነግሩን፤ ያልኖሩት አይናገሩም። ደግሞ የድሮውን አዋቂ ከዛሬው ድምፅ ማጉያ ጋር አታወዳድሩብኝ። የድሮው አዋቂ መንደራችሁ ውስጥ ይኖር ነበር። ተክሉን ራሱ ይለቅማል፣ ቤተሰባችሁን ያውቃል፣ ነፍሰ ጡር ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ካጠፋ ነገ በለቅሶ ቤት ታገኙታላችሁ። የዛሬው ነጋዴ ማታ በሚኒባስ ይሄዳል። አያቶቻችንን የሚያዋርደው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይከብዳል፦ «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ መድኃኒት የለም ይሉናል፣ ያለውም ውድ ነው።» ይህ እውነት ነው። የእንስሳት ጤና ኬላው ተዘግቶ ወይም መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ያገኘ ገበሬ ወደ ፌስታሉ ቢሄድ እሱን ብቻ አልወቅስም። ሕግ እኮ አለ። የሰው ምግብና መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ የእንስሳት መድኃኒት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ቁጥጥር አለበት። አዋጁ ግን ገበያ መሃል ቆሞ አይታይም። ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚጮኸውን ሰው የቦታ ኪራይ ተቀብሎ የሚያልፍ አካል ካለ እሱም ከዱቄቱ ሻጭ አይሻልም። በባዶ መደርደሪያ ላይ «ከሕገወጥ ነጋዴ አትግዙ» የሚል ፖስተር መለጠፍ ደግሞ ምክር አይባልም።

ምን እናድርግ?

1. ዱቄት ወይም ቅጠል የሚሸጥላችሁን ሰው አምስት ነገር ጠይቁት። ተክሉ ማነው? ምን ያህል ነው የሚወሰደው? ለስንት ቀን? ማን መውሰድ የለበትም? ቢጎዳኝ የት አገኝሃለሁ? አምስቱን ካልመለሰ አትግዙ።

2. ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ያልታወቀ ቅጠል አትስጡ።

3. ጤና ተቋም ስትሄዱ የወሰዳችሁትን ቅጠል አትደብቁ። «ይሰድቡኛል» ብላችሁ አትፍሩ። ሐኪሙ ካላወቀ ላዩ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። የጤና ባለሙያዎችም እባካችሁ አትሳደቡ፤ ከተሳደባችሁ ቀጣዩ ሰው ይደብቃችኋል።

4. ትኩሳት ሲኖር መጀመሪያ ደም ይመርመር። ሀገራችን ውስጥ ያለው ወባ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መድኃኒቱም ይለያያል። የተሰጣችሁን ጨርሱ።

5. የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሃለኮን እንደ ምግብ ብሉ፣ ኪኒኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ካላበውና ከተንቀጠቀጠው በሽተኛ አጠገብ ከሆናችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ ስጡትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

6. ለኮሶ ትል ኪኒን አለ፣ ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ። ሜዳ ላይ እየተጸዳዳን ኮሶ መጠጣት ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

7. ከብት ሲታመም የደረቱን ዙሪያ በሜትር እንለካና ክብደቱን እንገምት፤ ለዚህ እኔንም የእንስሳት ጤና ባለሙያውንም ጥሩን። ገንዲ መሆኑን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ከተቻለ ሶዶ ላቦራቶሪ አለ። አንዱን ፓኬት ለሦስት ከማካፈል አንዱን በሬ በሙሉ መጠን ማከም ይሻላል።

8. ለአንድ ላም ለመግዛት ከከበደ በእድር ወይም በማኅበር ሆናችሁ በአንድነት ከሕጋዊ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዙ፤ ባለሙያው በአንድ ቀን ሁሉንም ይወጋል።

9. ኮሶ፣ ዳማከሴ፣ እንዶድ፣ ሃለኮ አትንቀሉ። እነዚህ ነገ ተመርምረው ምን እንደሚወጣቸው አይታወቅም። የእንዶድም የአርቴሚሲያም ታሪክ የጀመረው ሰው ጓሮና ወንዝ ዳር ከሚያውቀው ተክል ነው። እውቀቱ ያላቸው አባቶችና እናቶች ተመራማሪ ሲመጣ አትደብቁ፤ ተመራማሪውም ወስዶ አይጥፋ፣ ውጤቱን ተመልሶ ይንገራቸው።

በመጨረሻ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለእድር ዳኞችና ለሃይማኖት አባቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። የታመመ ዶሮ ገበያ ሲገባ ታስቆማላችሁ፤ የታመመ ዶሮ አንድ ቤት ነው የሚጎዳው። ድምፅ ማጉያ ይዞ «አይጎዳም» የሚለውን ሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች በአደባባይ ጠይቁልኝ። ሕዝቡ እየሰማ ይመልስ። ከመለሰ እኔ ራሴ ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።

ቸር ያሰማን። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ በቆሎ ጎተራ አያያዝ እንገናኛለን።